ስፒናች ያልሆነው ስፒናች፦ በአንድ የጓሮ መደብ ላይ የተደረገ ሙከራ

ስፒናቹ ሦስት ጊዜ ከተለቀመ በኋላ አገዳ ሰደደ። አንድ ማለዳ መደቡ ጋ ስደርስ ከየሥሩ መሃል ቀጥ ያለ ግንድ ወጥቶ፣ ቅጠሉ ጠቦና ሾሎ፣ ጫፉ ላይ እንቡጥ ተሰብስቦ አገኘሁት። በየዓመቱ የሚገጥመኝ ነገር ነው። ቀኑ ሲረዝምና ሙቀቱ ሲጨምር ስፒናች ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ ዘር ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቀመው ይመርራል። እንደገና ልዝራ ብትል ደግሞ አፈሩ ከሞቀ ዘሩ በወጉ አይበቅልም። በመሆኑም ከጓሯችን አረንጓዴ ቅጠል የሚጠፋው ልክ ፀሐይ በበረታችበት፣ ሌላው ሁሉ በሚፋፋበት ጊዜ ነው።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት ኒውዚላንድ ስፒናች የሚባለውን ተክል ሞከርኩ። ከዚያ በፊት አይቼውም ቀምሼውም አላውቅም። ከዘራሁበት ቀን አንስቶ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ማስታወሻ ይዣለሁ፤ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ማስታወሻ የወጣ ነው። ሙከራው ተሳክቷል ማለት ይቻላል። ግን ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ነው፤ ሦስቱም ስህተቶች ምንጫቸው አንድ ነው፦ በስሙ ውስጥ ያለው “ስፒናች” የሚለው ቃል።

እንግዳው ማን ነው?

ስፒናች፣ ቆስጣና ቀይ ሥር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይህኛው ግን ከእነሱ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ሳይንሳዊ ስሙ ቴትራጎኒያ ቴትራጎኖይዴስ ነው፤ የሚመደበውም አይዞኤሲ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚያ ቤተሰብ በብዛት ያሉት ወፍራም ቅጠላቸው ውስጥ ውሃ ቋጥረው ድርቅ የሚያሳልፉ፣ ለጌጥ የሚተከሉ ተክሎች ናቸው። በተፈጥሮ የሚገኘው ኒውዚላንድንና አውስትራሊያን ጨምሮ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻዎች፣ ጨው በሚነካው አሸዋ ላይ ጭምር ነው። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ኮኪሂ ይሉታል።

ወደ አውሮፓ የገባው በመርከብ ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1768 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር በምትባለው መርከብ ከእንግሊዝ ተነስቶ ኒውዚላንድ ሲደርስ መርከበኞቹ እንዲህ ያለ የዱር ቅጠል እየለቀሙ ይበሉ ነበር። ለወራት ትኩስ አትክልት ያልቀመሰ መርከበኛ በቫይታሚን ሲ እጥረት ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ብሎም ይሞታል፤ ስከርቪ የሚባለው በሽታ ነው። አብሯቸው የተጓዘው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ዘሩን ይዞ ተመለሰ። እንግሊዞቹም አዲሱን ቅጠል በሚያውቁት ቅጠል ስም ጠሩት። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ማብሰያ ቤት ውስጥ ደግሞ እውነትም ይመሳሰላሉ። ችግሩ ስሙ ከማብሰያ ቤት ወጥቶ መደብ ላይ ሲደርስ ነው።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ፦ ዘሩ

መደቡ 1.2 በ3 ሜትር ነው፤ አገዳ የሰደደውን ስፒናች ነቅዬ ግማሹን ለእንግዳው ሰጠሁ። አፈሩ ድሮ ዋልካ የነበረ፣ በየዓመቱ ብስባሽ እየበላ የለሰለሰ ነው። ፀሐይ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያገኛል።

ፓኬቱን ስከፍት የወጣው ነገር ዘር አይመስልም። ቡናማ፣ ደረቅ፣ ባለ ቀንድ፣ በጣት ሲጨብጡት የሚወጋ። ቴትራጎኒያ የሚለው ስም ከግሪክኛ “ባለ አራት ማዕዘን” ከሚል ቃል የመጣው በዚህ ቅርጽ ምክንያት ነው። ብዙም ሳላስብ እንደ ስፒናች በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 20 ፍሬ ዘርቼ ውሃ አጠጣሁ። ስፒናች አፈሩ ቀዝቀዝ ካለ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ብቅ ይላል። በ10ኛው ቀን ምንም የለም። በ16ኛው ቀንም ምንም። በጣቴ ቆፍሬ አንዱን አወጣሁት፤ እንደዘራሁት ነው፤ ቀንዱ እንኳ አልለሰለሰም።

እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብዬ ስለ ተክሉ ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን በ16ኛው ቀን አደረግሁት ማለት ነው። የዘራሁት ለካ ዘር ሳይሆን ፍሬ ኖሯል። በዚያ እንጨት በመሰለ ቅርፊት ውስጥ በርከት ያሉ ዘሮች ተቆልፈዋል፤ ውሃ ቅርፊቱን ዘልቆ እስኪገባ 2 ሳምንት፣ 3 ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከመዝራት በፊት ለ24 ሰዓት መዘፍዘፍ የተለመደ ዘዴ ነው።

ስለዚህ ሌላ 10 ፍሬ በውሃ ዘፍዝፌ በማግስቱ በትንንሽ ማፍያ ቆርቆሮዎች ውስጥ ዘርቼ ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ አኖርኩ። የመጀመሪያው ቡቃያ በ12ኛው ቀን ብቅ አለ። የሚያስቀው ግን ውጭ የተዘራው ተስፋ የቆረጥኩበት ወገን ከእሱ 4 ቀን ቀድሞ፣ በራሱ 24ኛ ቀን፣ ወጥቶ ነበር። በመጨረሻ ስቆጥር ያልተዘፈዘፉት 20 ፍሬዎች ውስጥ 11ዱ በቅለው 17 ቡቃያ ሰጡ፤ ከተዘፈዘፉት 10 ውስጥ 7ቱ በቅለው 13 ቡቃያ። ከአንድ ፍሬ ሁለትና ሦስት ሆነው ተቃቅፈው ይወጣሉ።

“መዘፍዘፉ ዘሩን አፋጠነው” ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ቁጥሩም ያንን የሚል ይመስላል። ግን ሁለተኛው ወገን የተዘፈዘፈ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ሌሊት በማይቀዘቅዝ አፈር ላይ የነበረ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለቀየርኩ የትኛው እንደሠራ አላውቅም ማለት ነው፤ 10 ፍሬም ለፍርድ አይበቃም። መዘፍዘፍ ወጪ ስለሌለው እቀጥልበታለሁ።

አረም ነው ብሎ የነቀለው ልጅ

ቡቃያዎቹ 4 ቅጠል ሲያወጡ ታናሹ ልጄ ሊያግዘኝ መጣ። ካሮቱን አሳይቼው፣ ሽንኩርቱን አሳይቼው፣ “ሌላው አረም ነው” ብዬው ገባሁ። ስመለስ 6 ቡቃያ በእጁ ይዟል። ልጁን መቆጣት አልቻልኩም፤ እኔ ራሴ ብሆን ልለየው እችል ነበር ወይ?

በዚያው ሳምንት እናቴ ልትጠይቀን መጥታ መደቡን ስታይ፣ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች። ነገርኳት። ዝቅ ብላ ቅጠሉን አገላብጣ አየችና፣ “ልጄ፣ ስታድግ አይተኸው የማታውቀውን ቅጠል ወደ አፍህ አታስጠጋ” አለችኝ። ተሳልቄ ልመልስ ነበር፤ ግን ልክ ነች። ጓሮ ውስጥ ሳይዘራ የሚበቅል ብዙ ነው፤ ከእነዚያ መሃል መርዛማ አለ። አንድ መደብ ላይ በዘራሁት ቦታ በቀለ ማለት የዘራሁት ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከመብላቴ በፊት ምልክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ቅጠሉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ወፈር ያለ፤ ግንዱ ላይ ተራ በተራ፣ አንዱ በአንዱ ተቃራኒ ሳይሆን እየተፈራረቀ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚለየው ግን ማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው ነገር ነው፦ በተለይ የቅጠሉ ጀርባና ለጋው ግንድ ላይ ጤዛ ያረፈበት የሚመስሉ ጥቃቅን ፈሳሽ ያዘሉ እብጠቶች አሉ። በጣት ሲነኩት ግን ደረቅ ነው። በመጨረሻም ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ያፈላኋቸው ቡቃያዎች ነበሩ። እነሱ ከየትኛው ፍሬ እንደወጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውጭ ያሉትን ከእነሱ ጋር አስተያየሁ። ማንኛውንም እንግዳ ቅጠል የሚዘራ ሰው ጥቂት ፍሬ ለብቻው በዕቃ ቢያፈላ ይህንን ማመሳከሪያ ያገኛል። ለልጄም ያሳየሁት እሱን ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ ርቀቱና መቀሱ

ለመጀመሪያዎቹ 5 ሳምንታት ተክሉ የተኛ ይመስላል። ይህ አታለለኝ። ካሳሳሁ በኋላ 8 ሥር በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተውኩ፤ ለስፒናች ይህ ሰፊ ነው፣ ቦታ ያባከንኩ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሙቀቱ ጨመረ። በ9ኛው ሳምንት መደቡ አልታይ አለ። ተክሉ እንደ ስፒናች መሃሉ ላይ ተሰብስቦ አይቆምም፤ ግንዱን በመሬት ላይ ይሰዳል፣ ከየግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከየቅርንጫፉ ሌላ። አንድ ሥር ብቻውን 90 ሴንቲ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። የእኔዎቹ ተጠላልፈው የካሮቱን መስመር ተሻገሩ፣ መተላለፊያውንም ዘጉ፤ ከሥር ያለው ቅጠል ብርሃንና አየር አጥቶ ቢጫ እየሆነ ረጠበ።

መፍትሔ ብዬ ያደረግሁት ሌላ ስህተት ሆነ። አንዱን ሥር እንደ ስፒናች ከመሬት አስጠግቼ ሙሉ በሙሉ ቆረጥኩት፣ ያቆጠቁጣል ብዬ። አላቆጠቆጠም። የቀረው እንጨት የሆነ ግንድ ብቻ ነበር፤ በ2 ሳምንት ደረቀ። ሌሎች 4 ሥሮችን ነቅዬ 3 ብቻ፣ በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ተውኩ። እነዚያ 3 ሥሮች ናቸው ከዚያ በኋላ ቤቱን የመገቡት።

አለቃቀሙን ያስተማረኝ ራሱ ተክሉ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የቆረጥኩት ከእያንዳንዱ ግንድ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ለጋ ክፍል ሲሆን፣ በሳምንቱ ከቆረጥኩበት በታች ካለው የቅጠል ብብት ሁለት አዲስ ጫፎች ይወጣሉ። ጫፉ በተቆረጠ ቁጥር ይበዛል። ካልተቆረጠ ግን ይረዝማል፣ ይጠነክራል፣ ፍሬ ይይዛል።

እዚህ ላይ ሙከራውን ሁሉ ትርጉም የሰጠው ነገር ታየኝ። በ10ኛው ሳምንት ቅጠሉ ግንዱ ላይ በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ከምስር የማይበልጡ ቢጫ አበቦች አየሁ። “አለቀ፣ ይሄም እንደ ስፒናቹ ሄደ” ብዬ ነበር። አልሄደም። ስፒናች ሲያብብ አበባውን የሚያወጣው ወደ ላይ በሚመዘዘው አገዳ ነው፤ ቅጠል ይሰጥ የነበረው የእድገት ጫፍ ራሱ ወደ አበባ አገዳ ስለሚለወጥ የቅጠሉ ነገር በዚያው ያበቃል። ይህኛው ግን የሚያብበው በብብቱ ነው፤ የግንዱ ጫፍ ነፃ ስለሆነ አበባ እያወጣ፣ ፍሬ እየያዘ፣ ቅጠሉንም ይቀጥላል። ሙቀቱን መቻሉ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በበጋ ቅጠል የማይቋረጥበት አንዱ ምክንያት ግን ይህ የአበባው አቀማመጥ ነው። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከመሬት አስጠግቼ አልቆርጠውም ነበር፤ የሚያድግ ጫፉን ሁሉ ወስጄ ባዶ እንጨት መተዌ ነበርና።

ውሃን በሚመለከት አንድ ያልታሰበ ፈተና ገጠመው። ለ9 ቀን ከቤት ርቀን ነበር፤ ዝናብም አልነበረም። ስንመለስ ሰላጣው ሞቷል። ኒውዚላንዱ ቆሟል። ሆኖም ቆመ ማለት ይበላል ማለት አይደለም፦ ጫፉ አጥሯል፣ ቅጠሉ ወፍሮ ቆዳ መስሏል፣ ቀቅለነው እንኳ አፍ ይጨብጣል። ተክሉ ድርቅ ይችላል ሲባል በሕይወት ይቆያል ማለት ነው። ለስላሳ ቅጠል የሚፈልግ ሰው በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣትና ሥሩ ላይ ጉዝጓዝ ማድረግ አለበት። ተባይን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ ሰላጣውን የጨረሱት ቀንድ አውጣዎች ይህንን ቀምሰው ትተውታል።

ሦስተኛው፦ ሳህኑ ላይ

ለጋ ስፒናች በጥሬው ሰላጣ ውስጥ እንበላለን። የመጀመሪያዎቹን ጫፎችም አጥቤ በጥሬው አቀረብኩ። ልጆቹ አንድ ጎርሰው ተያዩ። ጣዕሙ ክፉ አይደለም፤ ትንሽ ጨዋማ፣ አረንጓዴ ጣዕም ነው። ግን ከተዋጠ በኋላ ጥርስ ላይ ሸካራ ነገር ይቀራል፣ ምላስም ይደርቃል። በዚያ ላይ ጤዛ የሚመስሉት እብጠቶች ምላስ ላይ እንግዳ ስሜት አላቸው።

ያ ሽክርታ ኦክሳሌት ነው፤ ከኦክሳሊክ አሲድ የሚገኝ ጨው ማለት ነው። ኦክሳሊክ አሲድ በስፒናች፣ በቆስጣና በቀይ ሥር ቅጠልም አለ፤ በዚህም ተክል ብዛቱ ከስፒናች ተርታ የሚመደብ ነው። ለብዙ ሰው አልፎ አልፎ መብላቱ ችግር የለውም። በእኛ ቤት ግን ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ከዓመታት በፊት የኩላሊት ጠጠር አስቸግሯታል፤ በብዛት የሚታየው የጠጠር ዓይነት ደግሞ ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ስፒናች እንዳታበዛ በሐኪም ተመክራለች። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? “ስፒናች አይደለም” የሚለውን አዲስ እውቀቴን ይዤ፣ ለእሷ ይስማማት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ስሙ መጀመሪያ በአንድ በኩል አሳሳተኝ፣ ከዚያ ስሙን ስጥለው በሌላ በኩል ተሳሳትኩ። የእጽዋት ዘመድ ባይሆንም በኦክሳሌቱ ወንድሙ ነው።

ያነበብኩትን ሳሳያት ሳቀችብኝና፣ “እና ለማን ነው ይህን ሁሉ የተከልከው?” አለች።

ከዚያ በኋላ ያረጋነው ልማድ ይኸው ነው። ጫፎቹ ይታጠባሉ፤ በብዛት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለ2 ደቂቃ ይነከራሉ፤ ውሃው ይደፋል፤ ቅጠሉ ቀዝቃዛ ውሃ አልፎበት በእጅ ይጨመቃል። ውሃው መደፋቱ ዋናው ነገር ነው፤ በውሃ የሚሟሟው ኦክሳሌት የሚወጣው ወደዚያ ስለሆነ የቅቅሉን ውሃ ሾርባ ውስጥ መጨመር ያወጡትን መልሶ መክተት ይሆናል። በእንፋሎት ማብሰልም ያንን ያህል አያስወጣም። ካልሲየም ካለው ምግብ፣ ለምሳሌ ከወተት ተዋጽኦ፣ ጋር ሲበላ ደግሞ ካልሲየሙ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ከተነከረ በኋላ ሽክርታው በጣም ይቀንሳል፣ እብጠቶቹም አይታወቁም። ቅጠሉ ወፍራም ስለሆነ እንደ ስፒናች በእፍኝ ገብቶ በቁንጥር አይወጣም፤ ድስት ውስጥ መልክ ይኖረዋል። ልጆቹ በዚህ መልኩ ይበሉታል። ባለቤቴ ግን እንደ ስፒናቹ ሁሉ የምትቀምሰው ትንሽ ብቻ ነው፤ መቀቀሉ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ የሐኪሟንም ቃል የሚሽር ነገር አላነበብኩም። ለእሷ ክረምትና በጋ ሳይል ሰላጣው ይሻላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ድርሻው ሰፍቷል።

የሚዛኑ ቃል

የለቀምኩትን ሁሉ መዝኛለሁ። ከ3ቱ ሥሮች በ10 ሳምንት ውስጥ 2.7 ኪሎ ለጋ ጫፍ ወጣ። በዚያው ግማሽ መደብ ላይ ከእሱ በፊት የነበረው ስፒናች በ3 ልቀማ 1.1 ኪሎ ሰጥቶ ነው አገዳ የሰደደው። ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም፤ ወቅቱም የቆይታ ጊዜውም ይለያያል። ስፒናቹ ከተዘራ በ6 ሳምንት ሳህን ላይ ደርሷል፣ ይህኛው 10 ሳምንት ገደማ አስጠብቆኛል። በጣዕም ስፒናቹን እመርጣለሁ፣ አልዋሽም። ግን እነዚያ 2.7 ኪሎ የመጡት ስፒናች ጭራሽ በማይኖርበት ጊዜ ነው፤ የተከልኩትም ለዚያ ነበር።

ወቅቱ ሲያልቅ የመጀመሪያው ውርጭ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። ማለዳ ስወጣ የተቀቀለ መስሎ መሬት ላይ ተለጥፏል። ውርጭ በማይነካው ስፍራ ለዓመታት የሚቆይ ተክል ነው፤ እኛ ጋ ግን የአንድ ወቅት እንግዳ ሆኖ ቀረ ብዬ ነበር።

አልቀረም። በቀጣዩ ወቅት አፈሩ መሞቅ ሲጀምር ካሮት በዘራሁበት መስመር መሃል፣ መተላለፊያው ላይ፣ የብስባሹ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው የተቃቀፉ ቡቃያዎች ወጡ። ሳልለቅመው ያለፍኩት ፍሬ ሁሉ ረግፎ ኖሯል። ልጄ ነው ቀድሞ ያያቸው፤ “እነዚህን እንዳልነቅል!” ብሎ ጠራኝ። 3ቱን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት አዛወርኩ፤ ከ20 የሚበልጡትን ግን እሱው ራሱ በደስታ ኮተኮታቸው።

እናቴ ባለፈው ስትመጣ ተቀቅሎ ቀረበላትና በላች፤ ስትሄድም ዘር ጠየቀችኝ። 12 ፍሬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ወረቀቱ ላይ “ስፒናች” ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ከሥሩ “ቴትራጎኒያ፦ ዘፍዝፊው፣ አራርቂው፣ ጫፉን ብቻ ቅጠፊ፣ ውሃውን ድፊው” ብዬ ጻፍኩላት።